ሶፍትዌሩ ከመገዛቱ በፊት መጋዘኑ ይቆጠር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በደሴና በኮምቦልቻ ኢአርፒ የሚባለውን የድርጅት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ለማስገባት የሚነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። መቅደም ያለበት ግን የዕቃው ዝርዝር ነው።

ኢአርፒ ግዥን፣ መጋዘንን፣ ሽያጭን፣ ደመወዝንና ሂሳብን በአንድ የመረጃ ቋት ያገናኛል። የመጋዘን ኃላፊው 50 ኩንታል ዱቄት መረከቡን ሲመዘግብ ክምችቱም ለአቅራቢው የሚከፈለው ዕዳም ወዲያው ይስተካከላል። ስህተትም እንዲሁ ወዲያው ይዛመታል። 1 ኩንታል 100 ኪሎ መሆኑ አስቀድሞ ካልተሞላ፣ ዱቄቱ 50 ኪሎ ሆኖ ይያዝና 51ኛው ኪሎ ሲሸጥ ክምችቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። በግንባታ ዕቃ መደብር ደግሞ አንዱ «ፌሮ 12»፣ ሌላው «ቶንዲኖ 12»፣ ሦስተኛው «ባለ 12 ብረት» ብሎ ያስገባል፤ አንድ ዕቃ ሦስት ሆኖ ይቆጠራል። ለአንድ ዕቃ አንድ ኮድ፣ ኮድ የሚከፍተውም አንድ ሰው ብቻ ይሁን።

ሌላው ጣጣ የዘመን አቆጣጠር ነው። የውጭ ሶፍትዌር የበጀት ዓመቱን ከጁላይ 1 እንዲጀምር ሲደረግ የእኛ ሐምሌ 1 ግን ጁላይ 8 ላይ ይውላል። የ7 ቀን ሽያጭ ወደ ተሳሳተ ዓመት ይገባል። ጳጉሜንም ራሷን የቻለች የደመወዝ ወር እንዳትሆን ቀድሞ መነገር አለበት።

አምስቱንም ክፍል በአንድ ጀንበር መክፈት ደግሞ አይመከርም (ሻጮቹ ይህን ሲናገሩ አይሰማም)። ሰኔ 30 ቆጠራ ተደርጎ በመነሻ ሂሳብ ግዥና መጋዘን ይጀመር፤ የወረቀቱ መዝገብ ሁለት ወር ጎን ለጎን ይቀጥል፤ ደመወዝ ይቆይ።

ከሰላምታ ጋር፣
ከኮምቦልቻ