ለክበባችን አባላት፦ ስለ ሞተር ፍተሻና ስለ ደንብ ለውጥ አስታወቅ

ውድ አባላት፣

ባለፈው እሑድ ለሞተር ብስክሌት ውድድር ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ የመጣው ወንድማችን ከመነሻው መስመር ተመልሷል። ሲሊንደሩ በቶርኖ ሰፍቶ ትልቅ ፒስተን ስለገባበት ይዘቱ ጨምሯል፤ ለ125 ሲሲ (ሲሲ የሲሊንደር ይዘት መለኪያ ነው) ምድብ አይሆንም ተባለ። መለኪያውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ልኬቱ አልተሳሳተም። ይህን ጥገና የሚከለክለው ማስታወቂያ የወጣው ግን ቅዳሜ ማታ ነው! የእጁ ቅባት እንኳ ሳይለቅ ቆሞ ሲያየኝ የምመልሰው አጣሁ።

በሞተር መጠን ላይ ያለው ክርክር በታላላቆቹ ውድድሮችም ዘንድ አለ። በዓለም ሱፐርባይክ (ለገበያ ከሚቀርቡ ሞተር ብስክሌቶች በተሠሩ የሚካሄድ ውድድር) ከ2008 ጀምሮ ባለ ሁለት ሲሊንደር እስከ 1200 ሲሲ፣ ባለ አራቱ እስከ 1000 መፈቀዱ ብዙ አነጋግሯል። ሆኖም ሁሉም ደንቡን አውቆ ይገባል። ትልቁ የዓለም የሞተር ብስክሌት ውድድር ሞቶ ጂፒ በ2027 ከ1000 ወደ 850 ሲሲ እንደሚወርድ የታወጀው በ2024 ነው (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። እኛ አንድ ሌሊት ሰጠን።

ማንኛውም ለውጥ ከአንድ ወር በፊት በጽሑፍ እንዲደርሳችሁ፣ ፍተሻውም ከውድድሩ ቀን ቀደም ብሎ እንዲደረግ ለኮሚቴው አመልክቻለሁ። ለወንድማችን የመመዝገቢያ ገንዘቡ ሊመለስለት፣ ይቅርታም ሊጠየቅ ይገባል። ሲሊንደር ወይም ካርቡረተር የቀየራችሁ እስከ ዓርብ አሳውቁኝ፤ መለኪያዬን ይዤ ቤታችሁ ድረስ እመጣለሁ።