የምስጋና መልእክት፦ እናታችንን ለተቀበላችሁ የድሬዳዋ ነዋሪዎች በሙሉ

በስደት አገር የመድረክ ተዋናይና ጸሐፊ ሆነው ረጅም ዘመን የኖሩት ውድ እናታችን ከዚህ ዓለም በሞት በተለዩ ጊዜ፣ አስከሬናቸው በትውልድ ከተማቸው እንዲያርፍ በጉልበታችሁ፣ በገንዘባችሁና በጸሎታችሁ ላገዛችሁን ሁሉ፣ እኛ ልጆቻቸው ከልብ የመነጨ ምስጋናችንን እናቀርባለን።

እናታችን የተወለዱት በከዚራ ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ ነው። አባታቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ በዚያ ግቢ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና የድርጅቱ የሥራ ቋንቋ የነበረው ፈረንሳይኛ ተቀላቅለው ይሰማሉ፤ እናታችንም ሰውን በአነጋገሩ መስለው መጫወት የጀመሩት እዚያው በልጅነታቸው እንደሆነ ደጋግመው ይነግሩን ነበር። በመድረክ አርአያቸው አስናቀች ወርቁ ነበሩ። ወንዶች ቀሚስ ለብሰው የሴት ገጸ ባሕርይ ይጫወቱ በነበረበት ዘመን መድረክ ላይ የወጡት ጥቂት ሴቶች መንገዱን ባይጠርጉ ኖሮ፣ የከዚራ ልጅ ተዋናይ ለመሆን ባላሰበች ነበር ይሉ ነበር። በአብዮቱ ዘመን የቀበሌያቸውን የኪነት ቡድን ተቀላቀሉ። የሶማሊያ ጦርነት ድሬዳዋ ድረስ በዘለቀበት በ1969 ዓ.ም. ክረምት ማግስትም ለቁስለኞች ትርዒት ካሳዩት ወጣቶች አንዷ ሆኑ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አባታቸው በሚጠግኑት ሐዲድ ላይ፣ በዕቃ ባቡር ተሳፍረው ወደ ጅቡቲ ተሰደዱ። ዲኪል በሚገኘው የስደተኞች መጠለያ ከቆዩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ በከፈተው ዕድል ዋሽንግተን ገቡ። ቀን በመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ሆነው ይሠራሉ፤ ማታ ለቴአትር ፈተና ይቀርባሉ። ፈታኞቹ ትወናቸውን ወደውት አነጋገራቸውን ግን አልወደዱትም፤ በመጨረሻ የሚሰጧቸው ሚና ቃል የማትናገር አገልጋይ ወይም የምታለቅስ እናት ብቻ ነበር። ያኔ የእንግሊዝኛውን ቃለ ተውኔት በእኛው ፊደል ጽፈው፣ ትንፋሽ የሚወስዱበትን ቦታ በቀይ እስክሪብቶ አስምረው ያጠኑበት ደብተር ዛሬም በእጃችን ይገኛል። ከገጾቹ በአንዱ ግርጌ «ይህን ሁሉ የምለፋው ዝም ለማለት ነው?» ብለው ጽፈዋል። ከዚያ ቀጥሎ ያሉት ገጾች የራሳቸው የአማርኛ ተውኔት ጅማሬ ናቸው። ይህንንና ተከታዮቹን ተውኔቶች፣ የሌሊት ፈረቃ ጨርሰው ለልምምድ ከሚመጡ ባልንጀሮቻቸው ጋር፣ በእንቁጣጣሽ ሰሞን በተከራዩአቸው የትምህርት ቤት አዳራሾች አሳይተዋል።

ድሬዳዋ ግን ረስታኛለች ብለው ያምኑ ነበር። ለመምጣት ሻንጣ አዘጋጅተው ተመልሰው የፈቱት «ማን ያውቀኛል?» እያሉ ነው።

አስከሬናቸው አዲስ አበባ ሲደርስ አንድ ወረቀት ጎደለ ተብሎ ሁለት ቀን በመቆየቱ የተሰማንን ሐዘን ለመግለጽ ቃል ያጥረናል። በእነዚያ ሁለት ቀናት የዕድሩ አባላት ድንኳኑን ሳያነሱ፣ የመጋላ እናቶችም ሆጃ እያፈሉ ለቀስተኛውን ጠብቀውልናል። በሦስተኛው ቀን ሌሊት መኪናችን የደንገጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዶ ሲያበቃ፣ በመንገዱ ዳር የተሰለፉ ባጃጆች መብራታቸውን አብርተው ቆመው አገኘናቸው። አንድም ጥሩንባ አልተነፋም። ከፊትና ከኋላ ሆነው በዝግታ እስከ ከዚራ አጅበውናል። ክፍያ ስናቀርብላቸው አንዳቸውም ያልተቀበሉ እነዚያን አሽከርካሪዎች በስም ባናውቃቸውም፣ ምስጋናችን እንዲደርሳቸው እንለምናለን።

በሠልስቱ ዕለት በምርኩዝ የሚሄዱ አንዲት አሮጊት ወደ ድንኳኑ ገብተው፣ ከለቅሶው መካከል የተውኔት ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃላቸው ተናገሩ። ከዚያም «ልጆቼ፣ ይኼ የእሷ ክፍል ነበር፤ ቃል ስትረሳ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኜ የማስታውሳት እኔ ነበርኩ» አሉን። ከአርባ ዓመት በላይ ያንን ቃል ጠብቀው ያቆዩልንን እኚህን እናት እንዴት አድርገን እንደምናመሰግን አናውቅም፤ እግራቸውን ስመን ተነሥተናል።

ቀብሩን ላስፈጸሙ ካህናት፣ ቅበላውን ላስተባበሩ ወጣቶች፣ ሙስሊምና ክርስቲያን ሳትሉ ምግብ እየሠራችሁ ላመጣችሁልን ጎረቤቶች፣ ከሐረር ድረስ ለመጣችሁ ዘመዶቻችንና በውጭ አገር ሆናችሁ የአስከሬኑን ማጓጓዣ ወጪ ለሸፈናችሁ የሙያ ባልንጀሮቻቸው፣ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈልልን።

የእናታችንን ሰባት የተውኔት ደብተሮች ይዘን የመጣን ሲሆን፣ እስከ አርባቸው መታሰቢያ ድረስ በከዚራው ቤት ስለምንቆይ ማንበብ ለሚፈልግ ሁሉ በራችን ክፍት ነው። በዚያ የኪነት ቡድን ውስጥ የነበራችሁ፣ ወይም በዘመኑ የተነሣ ፎቶግራፍ ያላችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ብቅ በሉልን፤ እኛ በመድረክ ላይ በወጣትነታቸው የሚያሳይ አንድም ፎቶግራፍ የለንም።

ልጆቻቸው፣ ድሬዳዋ