የተረት ልደት ስናዘጋጅ ተረቱን አንርሳ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ክቡር አዘጋጅ፣ ባለፈው ታኅሣሥ ልጄ አምስት ዓመት ሲሞላት በመኖሪያ ግቢያችን ያደረግነውን የልደት ዝግጅት ለአንባቢዎቻችሁ ለማካፈልና በመጨረሻም ለጋዜጣችሁ አንድ ጥያቄ ለማቅረብ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ነገሩ የሚጀምረው ግን ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በአንድ አዳራሽ ተጋብዤ ካየሁት ልደት ነው። የግብዣው መሪ ሐሳብ የተረት መጽሐፍ ነበር። ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር በሸፈነው ባነር ላይ ዘውድ የደፋች የባሕር ማዶ ልዕልት ከነግንቧና ከነጭ ፈረሷ ተሥላለች፤ ፊኛው፣ ኬኩና የወረቀት ኩባያው ሳይቀር የእርሷን መልክ ይዟል። አብራኝ የሄደችው እናቴ ባለ ልደቷን ሕፃን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ ወደ ባነሩ እየጠቆመች፣ «ይህች ቆንጆ ማን ናት? ምን ሆና ነው እዚህ የመጣችው?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ ቀና ብላ ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ ካየች በኋላ፣ «አላውቃትም፤ የእኔ ልደት ናት» አለቻት። እናቴ ተረቱን የሚያወራ ሰው ይነሣል ብላ እስከ መጨረሻው ጠበቀች። ሙዚቃው ተከፈተ፣ ፎቶው ተነሣ፣ ኬኩ ተቆረሰ፣ ልጆቹም የከረሜላ ከረጢታቸውን ይዘው ተበተኑ፤ ተረት ግን አልተነገረም።

ይህን ስል ወላጆቹን ለመውቀስ አይደለም። ለልጃቸው ደስታ ሲሉ ከኑሯቸው ቀንሰው እንዳወጡት አውቃለሁ፤ እኔም ራሴ ለልጄ አራተኛ ዓመት ልደት ከወር ደመወዜ ከግማሽ በላይ ለዲኮር ከፍዬ፣ በማግስቱ ባነሩ ተጠቅልሎ ሲመለስ ቤቴ ውስጥ ከፈነዱ ፊኛዎች በቀር ምንም እንዳልቀረ አይቻለሁ። የማዝነው በሌላ ነገር ነው። የተረት ልደት ብለን ልጆችን ጠርተን የተረቱን ልብስና ቀለም ስናሳያቸው ውለን፣ ተረቱን ራሱን ግን ሳናሰማቸው እንሸኛቸዋለን። ሳህኑ በምግብ ሥዕል አጊጦ እህል ሳይቀርብበት እንደ መነሣት ማለት ነው።

በዚህ ምክንያት ዘንድሮ ከዲኮሩ ሳይሆን ከተረቱ ጀመርን። ልደቱ ሊደርስ አንድ ወር ሲቀረው እናቴንና ልጄን አስቀምጬ የትኛውን ተረት እንደሚመርጡ ጠየቅኋቸው። ልጄ ማሞ ቂሎን ፈለገች፤ እናቴ ግን መንዝ ውስጥ በልጅነቷ ከእናቷ የሰማችውን የታመመውን አንበሳ ተረት መረጠች። ምክንያቷም የሚያሳምን ነበር፤ በማሞ ቂሎ ተረት ውስጥ የሚታየው አንድ ማሞ ብቻ ስለሆነ የቀሩት ልጆች ተመልካች ሆነው ይቀራሉ፤ በአንበሳው ተረት ግን ለሁሉም የሚሆን እንስሳ አለ። ተረቱን ብዙ አንባቢ ያውቀዋል። አያ አንበሶ አርጅቶ ማደን ሲያቅተው «ታመምኩ» ብሎ ዋሻው ውስጥ ይተኛል፤ እንስሳቱም በተራ በተራ ሊጠይቁት እየገቡ በዚያው ይቀራሉ፤ እመት ጦጣ ግን ከደጅ ቆማ እንደምን አደሩ ትላለች እንጂ አትገባም። ለምን እንደማትገባ ስትጠየቅ፣ የገባ እንጂ የወጣ ዱካ እንደማይታያት ትመልሳለች። የታመመ ሰው መጠየቅ ልጆቻችን በየጊዜው እጃችንን ይዘው የሚያዩት ነገር በመሆኑ፣ ምንም ማብራሪያ ሳያስፈልጋቸው ገና ከመነሻው ወደ ጨዋታው ይገባሉ።

የጥሪ ወረቀቱን በቤት ውስጥ ባለ ወረቀት ላይ በእጃችን ጻፍነው፤ «አያ አንበሶ ስለታመሙ እንድትጠይቋቸው ተጋብዛችኋል» ካለ በኋላ ልጁ የትኛውን እንስሳ እንደሚሆንና ለታማሚው አንድ ብርቱካን ወይም አንድ ሙዝ ይዞ እንዲመጣ ይናገራል። ከሁለት ሳምንት በፊት ስለደረሳቸው፣ ልጆቹ አህያ እንዴት እንደምትጮኽ፣ ቀበሮ እንዴት እንደምትሄድ በየቤታቸው ሲለማመዱ ሰንብተዋል። የተጠሩት አሥራ አራት ልጆች ናቸው። የእኛ ሳሎን ስለማይበቃቸው በኮንዶሚኒየማችን ኮሙናል ብለን የምንጠራውን የጋራ ቤት ከነዋሪዎች ማኅበር ጠይቀን ወሰድን።

ለዲኮሩ ያወጣነው ገንዘብ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ዋሻው ከአንድ ጠረጴዛና ከአራት ወንበሮች የተሠራ ሲሆን፣ በላዩ ላይ የእናቴ ቡሉኮና ሁለት ጋቢ ተደርቦበታል። ባለቤቴ ከሱቅ በለመነው ካርቶን የእንስሳቱን ዱካ እየቆረጠ፣ ልጄም ቀለም እየቀባች አራት ምሽት ፈጁበት፤ የአህያ ኮቴ፣ የጅብ መዳፍ፣ የዶሮ ጥፍር ሁሉም መጠኑን ጠብቆ ተሠራ። በልደቱ ቀን ዱካዎቹን ከበሩ ጀምረን እስከ ዋሻው አፍ ድረስ ወለሉ ላይ ለጠፍናቸው፤ ሁሉም ወደ ውስጥ የሚያመለክቱ ናቸው። የልጆቹን ጭንብል በተመለከተ እኔ በመጀመሪያ ፊትን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን አድርጌ ነበር የጀመርኩት፤ ነገር ግን ትንንሽ ልጆች ዓይናቸውና አፋቸው ሲሸፈን ስለሚጨነቁ፣ ግንባር ላይ እንደ ቆብ የሚታሰር አድርገን ለወጥነው። ጅራቱን ከቃጫ፣ የአንበሳውን ጎፈር ደግሞ ከአሮጌ ሹራብ በተተረተረ ክር ሠራን። እነዚያ አራት ምሽቶች ለልጄ ከልደቱ ቀን ያልተናነሱ ነበሩ፤ እስከ ዛሬም የምታነሣቸው እነርሱን ነው።

አንድ ነገር ግን አጥፍተናል፤ ሌሎች ወላጆች እንዳይደግሙት ልንገራቸው። ወንድሜ የጅብ ጭንብል አድርጎ እንግዶቹን በር ላይ እንዲቀበል አደረግን። አንድ የሦስት ዓመት ሕፃን ገና እንዳየው በጩኸት ታንቆ እናቱ ቀሚስ ውስጥ ተሸሸገ፤ እግሩንም አላነሣም አለ። ነገሩን በኋላ ሳስበው ጥፋቱ ከጭንብሉ ይልቅ የእኛ የአዋቂዎች አፍ እንደሆነ ተረዳሁ። እንቢ ያለን ልጅ «አያ ጅቦ መጣልህ» እያልን ስናስፈራራው ከርመን፣ በልደት ቀን ደግሞ ጅቡን በር ላይ እናቆምበታለን። እናቴ ጭንብሉን ከወንድሜ ተቀብላ ጉልበቷ ላይ አኖረችውና ሕፃኑን «ና እስቲ፣ ጥርሶቹን ቁጠርልኝ፤ እኔ ዓይኔ ደክሟል» አለችው። ሕፃኑ ቀስ ብሎ ተጠጋ፤ ጣቱን እየሰነዘረ ሰባት ድረስ ከቆጠረ በኋላ፣ «ይሄ ካርቶን ነው» ብሎ ለሁላችንም አስታወቀ። የጅቡን ቦታ የያዘው በመጨረሻ እርሱ ነው።

ተረቱ የተነገረው ልጆቹ ተሟልተው እንደገቡ፣ ገና ሳይርባቸውና ሳይደክማቸው ነው፤ ከሃያ ደቂቃም አላለፈም። እናቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ «ተረት ተረት» ስትል «የላም በረት» ብለው የመለሱላት ከአሥራ አራቱ ሁለቱ ብቻ ነበሩ፤ የቀሩት ዝም ብለው አዩዋት። ይህን ሳይ ሆዴ ባር ባር አለኝ። እናቴ ግን ሳትከፋ ደግማ ጠየቀቻቸው፤ በሦስተኛው ጊዜ መልሱ ከደረጃው በታች ያሉ ጎረቤቶች ጭምር እስኪሰሙት ድረስ በአንድ ድምፅ ወጣ። ከዚያ አህያዋ ብርቱካኗን ይዛ ገባች፣ በጉ ገባ፣ ዶሮዋ ገባች፣ ጅቡም ጥርሱን የቆጠረው ሕፃን ሆኖ ገባ። በመጨረሻ ጦጣዋ፣ ማለትም ልጄ፣ ከዋሻው ደጅ ቆመች። እናቴ ምንም አልነገረቻትም፤ ወለሉን ብቻ በበትሯ አሳየቻት። ልጄ ዱካዎቹን አንድ በአንድ እያየች ወደ በሩ፣ ከበሩ ደግሞ ወደ ዋሻው ተመላለሰችና፣ «ሁሉም ገብተዋል! ማንም አልወጣም!» ብላ ጮኸች። ተረቱ በዚህ ያልቃል ብለን ስንጠብቅ እርሷ ግን ጓደኞቿን ጥላ መሄድ አልሆነላትም። ከወለሉ ላይ ዱካዎቹን እየላጠች ወደ ውጭ እንዲያመለክቱ አዙራ መለጠፍ ጀመረች፤ የተቀሩትም ከዋሻው እየተሽሎከለኩ ወጥተው አገዟት። እናቴ ተረቱን ከስልሳ ዓመት በላይ ስታውቀው እንዲህ ሲያልቅ አይታ እንደማታውቅ ነገረችኝ፤ የተናገረችውም በእርካታ ነው።

ከዚያም «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ስትል፣ በኮባ ቅጠል የተጋገረው ድፎ ዳቦ ገባ። ኬክ አላስፈለገንም። ልደቱ በጾመ ነቢያት ውስጥ ስለዋለ እንቁላልና ወተት ያለበት ኬክ ብናቀርብ እናቶቹና ከፍ ከፍ ያሉት ልጆች አይቀምሱትም ነበር፤ ዱቄት፣ እርሾ፣ ዘይትና ጥቁር አዝሙድ ያለበትን ድፎ ግን ጾመኛውም ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም እኩል ቆርሰው በሉት። አምስቱ ሻማዎች የተተከሉት እዚያው ዳቦው ላይ ነው። የተረታችን መዝጊያ ራሱ ዳቦ ይጠይቃል፤ እስከ ዛሬ ይህን ከልደት ጋር አላገናኘሁትም ነበር።

ቡናው ሲፈላ አንዲት ጎረቤታችን የሆኑ እናት «ዱሪ ዱሪ» ብለው በአፋን ኦሮሞ ሌላ ተረት ነገሩ፤ የልጅ ልጃቸው ለጓደኞቹ በአማርኛ እየመለሰላቸው በኩራት ቆሞ ነበር። ቀጥሎ እንቆቅልሽ ተጀመረ። «ስሄድ አገኘኋት፣ ስመለስ አጣኋት» ለሚለው ጤዛ ብሎ የመለሰ አልነበረም፤ ፎቅ ላይ ላደገ ልጅ ጤዛ ሩቅ ነገር ነው። አገር ስጡ ሲባሉም ጎንደርን ወይም ሐረርን በመስጠት ፈንታ ሰሚትንና ጎሮን ሰጡ። እኛ ግን ሁሉንም ተቀበልን።

እያንዳንዱ ልጅ ወደ ቤቱ ይዞ የሄደው ጭንብሉንና ተረቱ የተጻፈበትን አንድ ገጽ ወረቀት ነው። እናቴ እየነገረች እኔ የጻፍኩትን ባለቤቴ አባዝቶት ነበር። ከሳምንት በኋላ የአንዱ ልጅ እናት ደረጃ ላይ አግኝታኝ፣ ልጇ ያንን ወረቀት ሳታነብለት እንደማይተኛ፣ ሌላ ተረትም እንዲመጣለት እንደሚጠይቅ ነገረችኝ። እኔም የምሰጣት ሁለተኛ ወረቀት አልነበረኝም።

የእኔ ትውልድ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነበር። አባባ ተስፋዬ፣ ሙሉ ስማቸው ተስፋዬ ሳህሉ፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ከጀመረበት ከ1957 ዓ.ም. አንሥቶ ከ40 ዓመታት በላይ ለልጆች ተረት ሲነግሩ ኖረው በ2009 ዓ.ም. ክረምት ዐርፈዋል፤ ቴሌቪዥን የሌለው ቤት ልጅ እንኳ ጎረቤት ሄዶ ያያቸው ነበር። በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍትም፣ በኋላ ሐዋሳ ላይ በአህያ በሚጎተት ጋሪ መጽሐፍ ወደ ልጆች የወሰደው ሥራም፣ በቅርቡ አራት ኪሎ ላይ የተሠራው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም በየፊናቸው ትልቅ ነገር ናቸው። ነገር ግን ልጅ ከመጽሐፍ ጋር እንዲወዳጅ አስቀድሞ ከሚወደው ሰው አፍ ሊሰማው ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ዘመድና ጎረቤት በአንድ ቤት የሚሰበሰብበት የልደት ቀን ደግሞ ለዚህ እጅግ የተመቸ ነው።

ስለዚህ ክቡር አዘጋጅ፣ የምጠይቀው ይህን ነው። ጋዜጣችሁ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ የግማሽ ገጽ ሩብ እንኳ ቢሆን፣ ለአንድ አጭር የልጆች ተረት ቦታ ይስጥ። ተረቱ ከአያቶች አፍ የተለቀመ፣ ከየትኛው አካባቢ እንደተገኘ የተጻፈበት፣ ጮክ ተብሎ ቢነበብ ከአሥር ደቂቃ የማይበልጥ ይሁን፤ ሠዓሊዎቻችሁም በጎኑ ልጆች ቆርጠው ካርቶን ላይ የሚለጥፉትን የጦጣ ወይም የቀበሮ ፊት ቢሥሉልን ለልደት ዝግጅት ሌላ ነገር አንፈልግም። የዲኮር ሥራ የምትሠሩ ወገኖችም የእመት ጦጣንና የአያ ጅቦን ሥዕል የያዘ ባነር ብታሰናዱ የመጀመሪያዋ ደንበኛችሁ ለመሆን ዝግጁ ነኝ። እናቴ የምታውቃቸውን አሥራ ሁለት ተረቶች በእጄ ጽፌ ጨርሻለሁ፤ ዝግጅት ክፍሉ ፈቃዱ ከሆነ በሚቀጥለው ሳምንት ይዣቸው ልመጣ እችላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት እናት
ከሰሚት፣ አዲስ አበባ