ፍሬውን የሚያየው ማን ነው?

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ።

ክረምቱ ላይ አንድ ቡና አቅራቢ ቢሮአችን መጥተው ነበር። የቡና ፍሬ ፎቶ አይቶ ብልሹውን የሚቆጥረውን ፕሮግራማችንን የጫኑበትን ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «ይሄ ነገር ቡናህ ተበላሽቷል ሲለኝ፣ ማነው እያለኝ ያለው?» አሉ። ሳቅን። ሰውየው ግን አልሳቁም። እውነታቸውን ነው። የማታውቀው ሰው ስለ ቡናህ ሲፈርድ ዝም ማለት የለብህም። አዲሱ ቡና መጋዘን ሳይገባ መልሱን ለሁላችሁም ልጻፍ ብዬ ተቀመጥኩ።

ፕሮግራሙን የምጽፈው እኔ ነኝ። ኮምፒውተር ሳይንስ የተማርኩት እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ነው። ስለ ቡና የማውቀው ግን ማፍላቱን ብቻ ነበር፤ ይህም ዋጋ አስከፍሎናል። መጀመሪያ ፕሮግራሙን ያስተማርኩት ከኢንተርኔት በሰበሰብኳቸው ፎቶዎች ነው። አብዛኞቹ የታጠበ ቡና ነበሩ፤ ልጣጩ ተነስቶለት ከታጠበ በኋላ የሚደርቀው፣ ጥርት ያለ አረንጓዴ። የእኛ ደረቅ ቡና ደግሞ ከነልጣጩ ፀሐይ ላይ ስለሚደርቅ ቀጭኗ ገለፈት በቀላሉ አትለቀውም፣ መልኩም ይጠይማል። ፕሮግራሙ ይህን ጠይምነት እንደ በሽታ ቆጠረው። ደህናውን የጅማ ቡና ከግማሽ በላይ ብልሹ ነው ብሎ አረፈው!

ከዚህ ያወጡን ዕድሜያቸውን መጋዘን ውስጥ ቡና ሲለቅሙ የኖሩ ሦስት እናቶች ናቸው። ሰፌድ ይዘው ተቀመጡ። እኔ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ፎቶ አነሳለሁ፣ እነሱ ስም ያወጡለታል፤ ጥቁር፣ ተባይ የበሳው፣ የተሰበረ፣ ያልበሰለ። በኦሮምኛ ይከራከራሉ፣ ለእኔ በአማርኛ ይነግሩኛል። ሦስቱ ያልተስማሙበትን ፍሬ ወደ ጎን እናደርገዋለን። «ይቺ ጥቁር አይደለችም፣ ጥላ ነው ያረፈባት» ትላለች አንዷ፣ ፍሬዋን አዙራ እያሳየችኝ። እውነትም ጥላ ነው። ስለዚህ ስልካችሁ «ጥቁር» ሲል የሚናገረው የእነሱ ዓይን ነው።

አንድ ቀን ታላቅየዋ «ልጄ፣ ይሄ ነገር ነገ እኛን ያስቀረን ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ። ወዲያው መልስ አልመጣልኝም። በኋላ እንዲህ አልኳቸው፦ ይህ ካሜራ የሚቆጥረው 300 ግራም ናሙና ነው፤ ጆንያውን የሚለቅም እጅ የለውም። እሳቸው አላመኑኝም መሰለኝ። ግን መምጣቱን አላቋረጡም።

አፍንጫም የለውም። ጡረታ የወጡት ቀማሻችን ጋሼ ይህን ሳይነግሩን የዋሉበት ቀን የለም። ደረቅ ቡና ደረጃ ሲወጣለት ከ100ው ነጥብ 60ው የቅምሻ ነው። 40ው የጥሬው ሲሆን ከዚያም 10ሩ የሽታ ነው። የእኛ ካሜራ የሚገባው በቀረችው 30 ውስጥ ብቻ ነው። እባካችሁ የእኛን ቁጥር ይዛችሁ «ደረጃ ወጥቶልኛል» አትበሉ። ደረጃ የሚሰጠው የመንግሥት ላብራቶሪ ነው።

አሁን ወደ ይቅርታው። ባለፈው ታኅሣሥ ለአንዳንዶቻችሁ የተሳሳተ ውጤት ሰጥተናል። ምክንያቱን ያገኙት መርካቶ ፎቶ ቤት የነበራቸው፣ ፊልም በጨለማ ክፍል ሲያጥቡ የኖሩ ሰው ናቸው። የላካችኋቸውን ፎቶዎች ገና ሲያዩ «ልጆች፣ ይሄ ሰማያዊ ሸራ ላይ የተነሳ ነው» አሉ። የሸራው ቀለም ፍሬው ላይ ያንጸባርቃል። ሌላውን ደግሞ በመጋዘን አምፖል ነበር ያነሳችሁት። የስልክ ካሜራ ፎቶውን የሚሠራው ከብዙ ጥቃቅን ነጥቦች ነው፤ እያንዳንዷ ነጥብ የምትለካው አንድ ቀለም ብቻ ነው፤ ቀይ ወይ አረንጓዴ ወይ ሰማያዊ። የቀረውን ስልኩ ከጎረቤት ነጥቦች ገምቶ ይሞላል። በዚያ ላይ ሳትጠይቁት ፎቶውን ያሳምራል። ለሰርግ ጥሩ ነው፣ ለቡና ግን ነውር ይደብቃል።

ለዚህ ነው ከዘንድሮ ጀምሮ ፕሮግራሙ ያለ ነጭ ካርድ የተነሳ ፎቶ የማይቀበለው። ካርዱን ከናሙናው ጎን አድርጉት፤ ፕሮግራሙ የብርሃኑን ቀለም በእሱ ያስተካክላል። የተነጠፈው ነገር ግራጫ ይሁን፣ በቀን ብርሃን ጥላ ቦታ አንሱ። መጀመሪያ እንደሚያሰለቻችሁ አውቃለሁ፤ እኔንም አሰልችቶኛል።

ካርዶቹን የሚያደርስላችሁ ባለባጃጁ ወንድማችን ነው። ታውቁታላችሁ፣ ሳይጠራ የሚመጣው።

ፕሮግራሙና የእናንተ ለቃሚ ካልተስማሙ ለቃሚዋን እመኑ። ፍሬውን በፖስታ አድርጋችሁ ለባለባጃጁ ስጡት። ቅዳሜ ጠዋት እናቶቹ ቢሮ ስለሚገቡ አይተው ይፈርዳሉ፤ ለዚህ አናስከፍልም። ካርዱ ከጠፋባችሁም ኑና ሌላ ውሰዱ። ቡናው አይጠፋም።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ሠራተኞች፣ ጅማ