አገዳውን አስተኛው

ኮምቦልቻ፣ ታኅሣሥ 18

ወንድም ዓለም፣

እንዴት ከረምክ? ቤተሰብስ? ስለ ዝምታዬ የምትሰድበኝን ሁሉ ሰድበኸኛል ብዬ ልለፈው፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ አለቀ።

የጻፍኩልህ ለአገዳው ነው። የማሽላውን አገዳ ዘንድሮም ከግራሩ ሥር ቀጥ አድርገህ አቁመኸዋል አሉ። ያንን የመከርኩህ… እኔ ነኝ። እንዳይበሰብስ ብዬ ነበር። አልበሰበሰም፤ አገዳውን ውስጥ ውስጡን ለሚበላው ትል፣ ለቆርቁሩ ግን ጥላ ያለው ቤት ሠራንለት።

አንዱን ከሥሩ ሰንጥቀህ እየው። ነጣ ያለ፣ ፈዞ የተኛ ትል ታገኛለህ። ሞቷል እንዳትል! አገዳው ሲደርቅ እድገቱን ያዝ አድርጎ ነው። ሰውነቱ ውስጥ ያለው፣ በትልነቱ የሚያቆየው ጁቬናይል ሆርሞን የሚባል ንጥረ ነገር ስለማይወርድ ፑፓ (ትል ወደ እሳት እራት ሲለወጥ መሃል ላይ ያለው ደረጃ) መሆን አይችልም፤ ቆዳውን ቢጥል እንኳ ተመልሶ ያው ትል ነው። በክረምት ባከማቸው ስብ 6 ወር ገደማ ይዘልቃል። እርጥበት ሲያገኝ ይነቃል፤ ፑፓ ሆኖ 2 ሳምንት ገደማ ቆይቶ የእሳት እራት ይወጣዋል። እንቁላሏን ቅጠሉ አገዳውን ካቀፈበት ውስጥ ትሸጉጠዋለች። ከዚያ የመሃሉ ቅጠል ደርቆ ሲመዘዝ ያየኸው ነው።

ስለዚህ ክምሩን አፍርሰህ ፀሐይ ላይ አስተኛው። አንድ ረድፍ ብቻ! ከደራረብከው የታችኛው ጥላ አግኝቶ ትሉ ይተርፋል። 4 ሳምንት ይቆይ፣ በየጊዜው አገላብጠው፤ ሙቀቱና ድርቀቱ ይጨርሰዋል። ከዚያ በኋላ ለአጥርም ለማገዶም አቁመው፣ አልከለክልህም። ዛሬ ከጀመርክ ጥር አጋማሽ ላይ፣ በልግ ሳይደርስ ታበቃለህ። ማሳው ላይ የቀረውን ጉቶም አትርሳው፤ ትሉ ወደ ታች መውረድ ይወዳል። አሁኑኑ እረሰውና ሥሩ ተገልብጦ ይውጣ።

ችግሩ የእሳት እራት አጥር አያግዳትም። የአክስትህ ክምር ከቆመ ያንተ ልፋት ግማሹ ከንቱ ነው። ንገራቸው፤ እኔ እንዳልኩ ግን አትናገር። ያኔ "አቁሙት" ብዬ የመከርኳቸውም እኔው ነኝ።