ይድረስ ከሐረጎ በታች

ቀጮዬ፣ እንዴት ነሽ? እናትሽ እቴቴስ እንዴት ናቸው? ልጆቹስ? የኮምቦልቻ ሙቀት እንዴት ይዟችኋል? እዚህ ደሴ የጦሳ ተራራ ጉሙን አላወልቅ ብሏል። ጋቢ ሳልደርብ ከቤት አልወጣም።

ጠፋሁ፣ አውቃለሁ። አዲስ አበባ ያሉት እየደወሉልሽ፣ እኔ 25 ኪሎ ሜትር ላይ ተቀምጬ የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ አቃተኝ። ይቅር በይኝ። አንቺም ብትሆኚ «ሺፍት ነኝ፣ ሺፍት ነኝ» እያልሽ ከርመሻልና እኩል ነን። አለቀ። አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። «ይቺ ልጅ ጉዳይ ሲኖራት ብቻ ነው የምታስታውሰኝ» ብለሽ እየሳቅሽ ይሆናል። ሳቂ።

መጻፍ ጀመርኩ። እንደ ስሂን ትምህርት ቤት ጊዜው አይደለም። ያኔ የጻፍኩት ሁሉ እንባና ጨረቃ ነበር፣ ግማሹም አንቺ ያዘዝሽኝ ደብዳቤ። ስንቱን ምርጥ ዓረፍተ ነገር በዚያ ባለ ብስክሌት ልጅ ላይ አባከንሽብኝ! ለማንኛውም ያ ደብተር በ2014 በጦርነቱ ስንሸሽ ቤት ቀረ፣ ስንመለስ የለም። ያኔ አልቅሻለሁ። ዛሬ ሳስበው ግን የተገላገልኩ ይመስለኛል።

አሁን ጠዋት ጠዋት ነው። ጽሕፈት ቤቱን ሳልከፍት፣ አንድ ገጽ። በእስክሪብቶ ነው፣ መብራቱን ታውቂው የለ? መጀመሪያ ሰሞን የምጽፈው ስለሌለኝ ያየሁትን ብቻ እጽፍ ነበር። ፒያሳ ላይ ከሊስትሮው ጋር በአንድ ብር የተጨቃጨቀ ሰውዬ። የአከራዬ ዶሮ። አብዛኛው አይረባም፣ ወላሂ አይረባም። ደግሞ አንዳንድ ጠዋት «ዛሬ ምንም የለኝም» ብዬ ጽፌ ደብተሩን የምዘጋበት ጊዜም አለ። የሆነ ጊዜ ላይ ግን እጄ ፈታ አለ። መንፈስ ሲመጣልኝ ነው የምጽፈው እል አልነበር? መንፈሱ እኮ በዓመት አንዴ ነበር የሚመጣው፣ እሱም ለሰው የሠርግ ካርድ ግጥም ሲያዙኝ።

አንድ ዘዴ ደግሞ ለመድኩ። የጻፍኩትን ጮክ ብዬ አነበዋለሁ። ትንፋሽ ካጠረኝ ዓረፍተ ነገሩ ረዝሟል ማለት ነው፣ እቆርጠዋለሁ። አከራዬ በግድግዳው በኩል «ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» ይሉኛል። ለብቻዋ ታወራለች ብለው ለጎረቤት ሳይነግሩ አይቀሩም። እንዲህ ሳነብ ነው «ነበር»ን ያገኘሁት። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገሬ «ነበር» ላይ ነው የሚያልቀው። ሄዳ ነበር፣ ዝናብ ነበር፣ ታስብ ነበር። አንዱን ገጽ በቀይ እስክሪብቶ ባከብበው ኩፍኝ የያዘው ልጅ መሰለ። አሁን ቀንሷል። ለማጥፋት ግን በአማርኛ አይቻልም መሰለኝ።

ትልቁ ፈተናዬ እንጀራዬ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ማመልከቻና ራፖር ስጽፍ እውላለሁ። አመልካች፣ ተጠሪ፣ ጉዳዩ፣ ከላይ እንደተገለጸው። ጠዋት ጠዋት ይሄ ነገር ታሪኬ ውስጥ ይገባል። አንዱ ወጣት ፍቅረኛውን «ስለሚደረግልኝ ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ» ሊላት ምንም አልቀረው!

ግን እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው የገባኝም። አንዲት እናት ከኩታበር በኩል መጡ። ወንድማቸው ላማቸውን ወስዶባቸው ሊከሱ ነው። ኮምፒውተሬ ላይ ፓወር ግዕዙን ከፍቼ የላሟን ቀለም ጠየቅኳቸው። «ቡሬ ናት። ዝናብ ሲጀምር ከሁሉ ቀድማ እቤት የምትገባው በይ» አሉኝ። «እማማ፣ ይሄ ለዳኛው ምን ያደርግለታል?» ብላቸው በግርምት አዩኝና «እንዲያውቃት ነዋ!» አሉ። ማመልከቻው ላይ አላስገባሁትም፣ ቦታው አይደለም። በማግስቱ ጠዋት ግን ገጼ እሷው ላም ሆነች። ለካ እኔ ስንት ጊዜ «ያማረች ላም»፣ «ያዘነች ሴት» እያልኩ ነው ስጽፍ የኖርኩት። ማንም አያውቃትም እኮ እንዲህ ያለችዋን።

ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። ማለቴ፣ አስቤበት አይደለም። እንዴት ልበልሽ? ከዕለታት አንድ ቀን ስለ መጥረጊያ መጻፍ ጀመርኩ። ገጹ ሳያልቅ መጥረጊያውን የያዙት እቴቴ ሆነው አገኘኋቸው።

አዎ፣ የሸሸንበትን ያንን ቀን። ሰፈሩ ሁሉ ፌስታልና ፍራሽ ተሸክሞ ወደ ታች ሲግተለተል፣ እሳቸው ግቢ ሲጠርጉ። አንቺ ውጪ ቆመሽ «እናቴ፣ በአላህ ውጪ!» ስትጮሂ፣ እሳቸው ቀና እንኳ ሳይሉ «ለሚመጣው ሰው ነውር ነው» ሲሉ። ማን ነው የሚመጣው እቴቴ? ብዬ ልስቅ ሁሉ ቃጥቶኝ እንደነበር ትዝ ይለኛል፣ በዚያ ሰዓት።

ይሄን አንቺም ታውቂዋለሽ። የማታውቂው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። አንቺ መኪና ልታስቆሚ አስፋልት ስትወጪ ቁልፉን እኔ እጅ ላይ አድርገው ወደ ጓዳ ተመለሱ። ተከተልኳቸው። ያየሁትን እዚህ አልጽፈውም፣ ታሪኩ ውስጥ አለ። «ለልጄ እንዳትነግሪ» ብለውኛል። እስከዛሬ ነግሬሽ አላውቅም። አሁንም የነገርኩሽ አይመስለኝም፣ ጻፍኩት እንጂ። ወይስ ያው ነው? ይሄ ነው እንግዲህ እንቅልፍ የነሳኝ።

ከጻፍኩት ሁሉ እሱ ይሻላል ቀጮ። ጉራ አይደለም። እንባ የሚባል ቃል የለበትም። ጨረቃም የለችበትም። በሚቀጥለው ወር እዚህ ደሴ የሥነ ጽሑፍ ምሽት አለና አንድ ሥራ እንዳቀርብ ተጠይቄያለሁ። ሌላ ይዤ ልሄድ ሞከርኩ፣ የላሟን። ላሟ ጥሩ ናት፣ ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ሳነባቸው ልቤ ወደ እቴቴ ነው የሚያደላው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊልኝ። ወረቀቱን ሐሙስ በሚኒባስ እልክልሻለሁ፣ ሹፌሩ መናኸሪያ ሲደርስ ይደውልልሻል። በቴሌግራም ያልላክሁት ቁምፊው ስልክሽ ላይ እየተበጣጠሰ ስለሚያስቸግርሽ ነው። መጀመሪያ ብቻሽን አንብቢው። ልጆቹ ሲተኙ ይሁን። የመጨረሻውን ገጽ ስትደርሺ ከተናደድሽብኝ ደውለሽ ስደቢኝ፣ ሌሊትም ቢሆን አነሳለሁ። ካልተናደድሽ ቡና ሲፈላ ለእቴቴ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። የሳቁበት ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጊልኝ። «ኧረ እንዲህ አላልኩም» ያሉትንም ጻፊልኝ። በተለይ መጥረጊያው የምን እንደነበር ጠይቂያቸው፣ እኔ የእንዶድ ብያለሁ፣ እርግጠኛ አይደለሁም።

እምቢ ካሉ እቀደዋለሁ ልልሽ ነበር። ልዋሽሽ አልፈልግም፣ አልቀደውም። ግን መድረክ ላይ አላነበውም፣ ይሄን ቃል እገባለሁ። ላሟን ይዤ እሄዳለሁ።

ደግሞ «ቆንጆ ነው» ብለሽ እንዳትልኪልኝ! አንቺ ለባለ ብስክሌቱ ደብዳቤም «ቆንጆ ነው» ብለሽ ነበር። የሰለቸሽ ቦታ ካለ ንገሪኝ። ከሰለቸሽ ገጽ ላይ ሻይ አፍስሺበት፣ ይገባኛል።

እቴቴን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ስለ ወረቀቱ ግን አንቺ ሳታነቢው ምንም እንዳትያቸው።

ያንቺው፣
ከጉሙ ሰፈር