ሌዘሩ ስላነሰ ብቻ ምስሉ አይጠራም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የሕብረ ሕዋስን ምስል በማስ ስፔክትሮሜትሪ (ሞለኪውሎችን በክብደታቸው በሚለይ ዘዴ) ስለሚያነሱት አነስተኛ የኢንፍራሬድ ሌዘሮች ያወጣችሁት ጽሑፍ የመሣሪያውን ማነስ አድንቆ የምቱን (የአንዱን የብርሃን ብልጭታ) የጊዜ ርዝመትና የናሙናውን ውሃ ዘሏቸዋል። ምስሉን የሚያሳምሩትም የሚያበላሹትም እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ውሃ በ2.94 ማይክሮሜትር አካባቢ ብርሃንን አጥብቆ ስለሚውጥ ጨረሩ 1 ማይክሮሜትር ያህል እንደገባ ይዳከማል። በ337 ወይም በ355 ናኖሜትር የሚሠራው ማልዲ የተባለው የሌዘር ዘዴ የሚፈልገው ማትሪክስ (ብርሃኑን እንዲውጥ ናሙናው ላይ የሚደረግ ውህድ) እዚህ ግድ የማይሆነውም ለዚሁ ነው። ነገር ግን ይህን ያህል ስስ ንብርብር ሙቀቱን በጥቂት ማይክሮሴኮንድ ውስጥ ለዙሪያው ያካፍላል። በዚህ ሞገድ የሚሠራው ኤርቢየም ያግ ሌዘር ያለ ኪው ስዊች (ምቱን የሚያሳጥር ክፍል) ሲተኮስ ምቱ በመቶዎች የሚቆጠር ማይክሮሴኮንድ ስለሚቆይ የነጥቡ ዙሪያ ይቃጠላል። ገዢ እንግዲህ ከክብደቱ በፊት ይህን ቁጥር ይጠይቅ፤ የሚፈለገው በናኖሴኮንድ የሚለካ ምት ነው።

ሌንሱም ተራ መስታወት ከሆነ ጨረሩን ራሱ ይውጠዋል፤ ካልሲየም ፍሎራይድ ወይም ሳፋየር ይሻላል። ለሌላ ሞገድ የተሠራ የዓይን መከላከያ መነጽርም ዋስትና አይሆንም፤ ይህ ጨረር አይታይም፣ የሚጎዳውም ኮርኒያን ነው።

ሌዘሩ ከናሙናው የሚያስነሳውን ትነት በኤሌክትሮስፕሬይ (በኤሌክትሪክ በተሞላ የፈሳሽ ርጭት) በሚይዘው አሠራር ብዙዎች የሚሳሳቱት የሌዘሩን ኃይል እንዲውጥ ናሙናውን በሚሸፍነው በረዶ ላይ ነው። ከ10 እስከ 25 ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ መድረኩ ላይ ይቀመጣል። ክፍሉ በናይትሮጅን እስከ 10 በመቶ እርጥበት ይደርቅና መድረኩ ከዜሮ በታች ወደ 8 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ከዚያ የክፍሉ አየር ለአጭር ጊዜ ገብቶ ስስ በረዶ ሲሠራ ናይትሮጅኑ ይመለሳል። ማድረቁ ካልቀደመ በረዶው ገና በማቀዝቀዙ ላይ ሳለ ወጣ ገባ ሆኖ ይጋገራል። ለመቁረጥ በፖሊመር ሙጫ የተቀበረ ናሙናም የፖሊመሩ አዮኖች የሊፒዶቹን (የስብ ሞለኪውሎቹን) ምልክት ስለሚያፍኑት ባይሞከር ይመረጣል።

ጊዜውም ይታሰብ። 10 በ10 ሚሊሜትር ናሙና በ100 ማይክሮሜትር እርምጃ 10,000 ነጥብ ነው፤ እርምጃው 50 ሲሆን 40,000 ይሆናል፤ በነጥብ አንድ ሴኮንድ ቢወስድ ከ11 ሰዓት ይበልጣል። በዚህ ሁሉ ጊዜ በረዶው ከወፈረ ምልክቱ ቀስ በቀስ ይለወጥና ምስሉ ላይ የበሽታ ድንበር የሚመስል ነገር ይታያል። በሚረጨው ፈሳሽ ውስጥ የሚጨመር የውስጥ መለኪያ (መጠኑ የታወቀ ንጥረ ነገር) የርጭቱን መዋዠቅ ያርማል፤ በሌዘሩ ስር ግን አላለፈምና የበረዶውን ለውጥ አያሳይም። ለዚያ የሚበጀው መለኪያውን ከናሙናው ስር ስላይዱ ላይ እኩል መርጨትና በእያንዳንዱ ነጥብ ማንበብ ነው።